አሞሌና ሉል

ሰቆጣ ተወልጄ ያደግሁ የታሪክ መምህር ነኝ። «የደጋን ሰው ከባሕር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ተማሪ ሲገጥመኝ ከአሞሌ እጀምርለታለሁ። በ19ኛው መቶ ዘመን ሰቆጣ በሰሜን ኢትዮጵያ ከታወቁት የአሞሌ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር የጨው ሜዳ፣ ከአርሆ፣ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ሽቅብ የወጣው ጨው እዚህ ከተራገፈ በኋላ ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ይሻገር ነበር። አያቴ ቤት አሞሌ የሚቀመጠው እርጥበት እንዳያሟሟው ከምድጃው በላይ፣ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ነበር። ላዩ ጥቀርሻ ለብሶ ይጠቁራል፤ ሲሰበር ግን ውስጡ ነጭ ነው። በገንዘብነቱ ዘመን የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ስለሚወርድ ነጋዴው በልጥ ጠፍሮ ይጠብቀው ነበር።

ያ ጨው የቀይ ባሕር ጨው ነው። የደናክል ረባዳ ምድር ከባሕር ጠለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶበት ነበር፤ መግቢያው ሲዘጋ ውኃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። በሜዳው ዳርቻ ዛሬም የደረቀ ኮራል ከነዛጎሉ ይገኛል። ሕያው ወንድሙ ያለው ከምጽዋ ፊት ለፊት፣ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ነው።

ዳህላክ ከመቶ በላይ ትልልቅና ትንንሽ ደሴቶች ያሉበት ሲሆን ዛሬ የኤርትራ ግዛት ነው። በዳህላክ ከቢር ያሉት በኩፊክ ፊደል የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች የጥንቱን ሱልጣኔት ያስታውሳሉ። የባሕሩን ሥር ለዓለም ያሳየው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 እና 1953 በብሩኖ ቫይላቲ መሪነት የመጣው የጣሊያን ጠላቂዎች ቡድን ነው። ፎልኮ ኩዊሊቺ በዚያ ጉዞ «ስድስተኛው አህጉር» የተባለውን ባለ ቀለም ፊልም ሠራ። በ1962 እና 1965 የእስራኤል ሳይንቲስቶች እንተደቢር በተባለችው ደሴት ዓሣና ኮራል አጥንተዋል።

እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን ከነዚህ ሁሉ አስቀድመው ሉል ፍለጋ ያለ አየር ቧንቧ የወረዱት ሰዎች ታሪክ ነው። ሁሪ በምትባል ጠባብ ጀልባ ሆነው፣ ታችዋ መስተዋት የሆነች ሣጥን ውኃው ላይ አሳርፈው ወለሉን ይቃኙ ነበር። ዛጎል ሲታይ ጠላቂው ትንፋሹን ስቦ ይወርዳል፤ ነቅሎ ይመለሳል፤ እንደገና ይወርዳል። ያወጣው ዛጎል በቢላ ሲከፈት አብዛኛው ሉል የለውም። ቢሆንም አይጣልም፤ የሚያብረቀርቀው ውስጡ ተሸጦ አውሮፓ ውስጥ የልብስ ቁልፍ ይሆን ነበር።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሉል እጅግ ሲፈለግ፣ ባንያን የሚባሉት የምጽዋ ሕንዳውያን ነጋዴዎች ሥራውን በብድር እያንቀሳቀሱ ሉሉን ወደ ቦምቤይ ይልኩ ነበር። ከጠላቂዎቹ ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ። ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ተፈንግለው፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠው እዚያ የደረሱ፣ ዋና እንኳ በማይታወቅበት አገር የተወለዱ ሰዎች ይገኙባቸው ነበር። ስለ አሞሌ ስናወራ ይህን ማለፍ ልክ አይመስለኝም፤ በአሞሌ ሰውም ይገዛ ነበርና። ወደብ ነበረን ብለን የምንቆጭ ሰዎች፣ ከወደቡ ወጥተው ባሕር ሥር የወረዱትን ወገኖቻችንን አንድም ጊዜ ስናነሣ አልሰማሁም። ይህ ያሳዝነኛል።

የነጋዴው ስም ተጽፎ ቀርቷል፤ ፈረንሳዊው ሄንሪ ደ ሞንፍሬይድ ስለ ዳህላኩ የሉል ከበርቴ ስለ ሰዒድ ዓሊ በመጽሐፉ ጽፎለታል። ነጻ የሆነው ጠላቂም ቢሆን ከወቅቱ በፊት በተቀበለው ቅድሚያ ገንዘብ የታሰረ ነበር፤ ያወጣው ለብድሩ ይያዝበታል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ ጃፓኖች በእርባታ ያፈሩት ሉል ገበያውን ሲያጥለቀልቅ፣ የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስም ሲታከልበት ንግዱ ወደቀ። ነጋዴው ፊቱን ወደ ሌላ ሸቀጥ አዞረ፤ ጠላቂው ዕዳውንና የተጎዳ ጆሮውን ይዞ ቀረ።