ፍቅርና የዘር አጥር በሕንድ ፊልሞች

ሕግ በአንድ ቀን ይታወጃል፤ ልማድ ግን በአንድ ቀን አይሻርም። በ1950 የጸናው የሕንድ ሕገ መንግሥት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) በ17ኛው አንቀጹ ሰውን በትውልዱ ርኩስ ነው ብሎ መጸየፍን ከልክሏል። የማዕድ፣ የውሃና የጋብቻ አጥር ግን በብዙ መንደር ሳይፈርስ ቀረ። ይህንን አጥር ከሕጉ በፊትም ኾነ በኋላ ለሕዝብ ዐይን ካቀረቡት አንዱ የሕንድ ፊልም ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሕንዳውያን መምህራን በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ስላስተማሩ፣ የሕንድ ፊልምም በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ይታይ ስለ ነበረ፣ ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሦስቱን በየተራ እንመልከት።

የመዠመሪያው በ1936 በቦምቤይ ቶኪስ ኩባንያ የተሠራው «አቹት ካንያ» ነው። አዘጋጁ ጀርመናዊው ፍራንዝ ኦስተን ሲኾን፣ ዋናዎቹ ተዋንያን ዴቪካ ራኒና አሾክ ኩማር ናቸው። ካስቱሪ የባቡር ማቋረጫ ጠባቂ ልጅ ናት፤ ወገኗም አይነካም የሚባለው ነው። ፕራታፕ ግን የብራህማን ልጅ ነው። የልጅቱ አባት የልጁን አባት ከእባብ መርዝ ስላዳነው ሁለቱ ሽማግሌዎች ወዳጆች ኾኑ፤ ልጆቹም አብረው አድገው ተዋደዱ። ይሁን እንጂ ወዳጅነቱ እስከ ጋብቻ አልደረሰም፤ ለየብቻ ተዳሩ። በመጨረሻ ካስቱሪ ባቡር ለማስቆም ስትሮጥ በሐዲዱ ላይ ሞተች። ተመልካቹ አለቀሰ፤ አጥሩ ግን እንደ ቆመ ቀረ።

ሁለተኛው ቢማል ሮይ በ1959 ያዘጋጀው «ሱጃታ» ነው። ወላጆቿ የሞቱባትን ሕፃን አንድ የብራህማን መሐንዲስ በቤቱ አሳደጋት። የቤቱ እመቤት ለእንግዳ ስታስተዋውቃት ልጄ ሳትል እንደ ልጄ ናት ትላለች። የቤቱ ልጅ ራማ ኮሌጅ ስትገባ ሱጃታ ከጓዳ አልወጣችም። ለራማ የታጨው አዲር ግን ሱጃታን ወደደ። እመቤቲቱ ወድቃ ደም ባስፈለጋት ጊዜ ደሟ የተስማማው የሱጃታ ብቻ ኾነ፤ ከዚያ በኋላ ልጄ አለቻት። ፍጻሜው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የልጅቱ ደም ባይስማማ ኖሮስ ሰውነቷ በምን ይረጋገጥ ነበር?

ሦስተኛው ራሱ ከተናቀው ወገን የተወለደው ናግራጅ ማንጁሌ በማራቲ ቋንቋ በ2013 ያወጣው «ፋንድሪ» ነው። ትርጓሜውም ዐሣማ ማለት ነው። ተማሪው ጃብያ ከእርሱ ከፍ ካለ ወገን የኾነች የትምህርት ጓደኛውን በልቡ ይወዳል። አንድ ቀን ቤተ ሰቡ የመንደሩን ዐሣማ እንዲይዝ ታዘዘ። ሲያባርሩም ከትምህርት ቤቱ ብሔራዊ መዝሙር ተሰማ፤ ለክብሩ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ዐሣማውም አመለጠ። ጓደኞቹ እያዩ ሣቁበት። የተያዘውንም ዐሣማ ተሸክመው ያለፉት የአምቤድካር ሥዕል ባለበት የትምህርት ቤት ግድግዳ ሥር ነው። ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀውን ጉባኤ የመራው አምቤድካር በተማሪነቱ ከጓደኞቹ ተለይቶ ይቀመጥ እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው፣ ይህን ባየ ጊዜ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም። ጃብያም በመጨረሻ ድንጋይ አነሣ።

እንግዲህ ከሦስቱ የምንማረው፣ አጥሩን የሚጠብቁት ክፉዎች ብቻ አለመኾናቸውን ነው። ልጁን የሚወድ አባት፣ አዝና የምታሳድግ እናት፣ በአንድ ክፍል የሚማር ጓደኛም ይጠብቁታል። የትምህርት ቤት በር መከፈቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን አጥሩ ከተማሪዎች ጋራ ተከትሎ ይገባል። በእኛም አገር የሸክላ ሠሪ፣ የቀጥቃጭና የፋቂ ልጅ ተብሎ ተንቆ ከክፍሉ ጥግ የተቀመጠ ሕፃን መኖሩን የማያውቅ መምህር ማን ነው? ሕጉን ሕግ አውጪ ይጽፈዋል፤ ያ ሕፃን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ግን በየማለዳው የሚወስነው መምህሩ ነው።