ከእንጦጦ ጭራሮ እስከ ዓባይ ግድብ

የሰው ልጅ ኑሮ ያለ እሳት አይቃናም፤ እሳትም ያለ ማገዶ አይነድም። ይህ ለሁሉ የታወቀ ነገር ሲሆን ስለ ማገዶ የሚጻፍ ታሪክ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ተምረናል፤ ስለዚህ እኔ በዚህ የበዓል መጽሔት ላይ ስለ ምጣድ እሳት ጥቂት ለመጻፍ ወደድሁ።

አያቴ በወጣትነታቸው ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቅመው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ በመውረድና በመሸጥ እናቴን አሳድገዋል። አሁን ወገባቸው አይቃናም። እንዲህ ያለ ሸክም ያጐበጣቸው እናቶች ዛሬም ከጉለሌ መንገድ አልጠፉም፤ የኤሌክትሪኩ ሽቦ ግን ከራሳቸው በላይ ተዘርግቶ ያልፋል። ሽቦውና ሸክሙ በአንድ መንገድ ላይ እንዴት ተገናኙ? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ መመልከት ይገባል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቧ እየበዛ ሄደ፤ በዙሪያዋ የነበረውም ደን ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቈረጠ አለቀ። ከዚህም የተነሣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ምኒልክ መናገሻውን በስተምዕራብ ወዳለው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፣ በዚያ የቤተ መንግሥት ሥራ ተጀምሮ ነበር። ከተማችንን በቦታዋ ያጸናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ይኸውም ቶሎ የሚያድግና ከተቈረጠም በኋላ ከጕቶው የሚያቈጠቍጥ ስለ ሆነ ነው። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ የማገዶ እጦት የአንድ መንግሥት መናገሻ ሊያስለቅቅ ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ኤሌክትሪክም ወደ አገራችን የገባው በዚያው ዘመን ነው። በ1890 ዓ.ም. ገደማ በምኒልክ ቤተ መንግሥት የኤሌክትሪክ መብራት በራ፤ በ1904 ዓ.ም. ገደማም በአቃቂ ወንዝ ላይ አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ነገር ግን ትልቁ እርምጃ የታየው በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነው። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር የጦር ካሣ እንድትከፍል ተወስኖ ነበር፤ ቆቃም የተሠራው ከጣልያን በተገኘው የካሣ ገንዘብ ነው።

የቆቃ ኃይል 43.2 ሜጋዋት ነበር። ይህ ቁጥር ለብዙዎቻችን ባዶ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ በምጣድ እንለካው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። እንግዲህ ቆቃ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው 12,000 ያህል ምጣድ ብቻ ነው ማለት ነው። ለፋብሪካና ለመብራት የሚሆን ሳይተርፍ የሚደርሰው ይህን ያህል ከሆነ፣ በዚያ ዘመን ለአያቴ ምጣድ የሚተርፍ ኃይል እንዳልነበረ ማንም ይገነዘባል።

ከቆቃ በኋላ በ1956 ዓ.ም. ጢስ ዓባይ፣ ቀጥሎም ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ተከዜና በለስ ተሠሩ፤ በኦሞ ወንዝ ላይም 1,870 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ይሁን እንጂ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው የአባቶች አነጋገር ገና አልተሻረም ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ቆቃ በካሣ ገንዘብ ሲሠራ፣ ለዚህኛው ግን ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ገበሬው ከምርቱ፣ ተማሪውም ከኪሱ አዋጣ። ግድቡ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ኃይሉ 5,150 ሜጋዋት ነው፤ በምጣድ ቢለካ ከ1,400,000 በላይ ይሆናል።

ታዲያ ሥራው ተፈጸመ ማለት ነውን? አይደለም። ኃይል በጉባ መመንጨቱ ብቻ እንጀራ አይጋግርም፤ በሽቦ ተጕዞ ሳይቋረጥ ወደ ማድ ቤት መድረስ አለበት፤ ምጣዱም በድኻ አቅም የሚገዛ መሆን አለበት። በቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። ነገር ግን በመጋገሪያ ቀን መብራት ከጠፋ እናቴ ጭራሮ ትገዛለች። ያን ጊዜ አያቴ ሸክሙን ያመጣችውን ሴት ሳያስቀምጡና ውኃ ሳያጠጡ አይሰዱም።

ከዚህም በላይ ግድብና ጫካ አንድ ጕዳይ ናቸው። ዛፉ ለማገዶ ሲቈረጥ አፈሩ ይራቈታል፤ የተራቈተውን አፈር ክረምት ጠርጎ ወደ ወንዝ፣ ወንዝም ወደ ግድብ ይወስደዋል። የቆቃን ሐይቅ ደለል እየሞላው የውኃ መያዣውን ቀንሶበታል። ስለዚህ ዛሬ ከምጣድ ሥር የሚነደው ዛፍ ነገ ከግድቡ ውኃ ላይ የሚቀነስ ነው። ደግሞም ዝናብ በሚያንስበት ዓመት ውኃ ብቻውን አይበቃምና፣ በአዳማና በአሸጎዳ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች መበርከት ይገባቸዋል፤ በበጋ ውኃው ሲጎድል ነፋሱ አይጎድልምና።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ከእኛ መካከል መሐንዲስ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወይም የደን ባለሙያ የሚሆን ይኖራል። የአገራችንን የኤሌክትሪክ ታሪክ በሜጋዋት ብቻ እንዳይለካው አደራ እላለሁ። ከእንጦጦ የመጨረሻዋ እናት ሸክሟን አውርዳ፣ በቤቷም ምጣዷ በኤሌክትሪክ ሲግል፣ ያን ጊዜ ግድቡ ሥራውን ፈጸመ እንላለን።