ሊቅነትና ምስክርነት፦ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ብስለት ከጎጃም ታሪክና ከአዊ አጥቢያዎች ኑሮ አንጻር

«ልህቀት» የሚለውን ቃል ዛሬ የምናነበው በመሥሪያ ቤትና በዩኒቨርሲቲ በር ላይ ነው። «የልህቀት ማዕከል» ስንል ከሌላው የበለጠ ብቃት ማለታችን ነው። በግእዝ ግን «ልህቀ» ማለት አደገ፣ ሸመገለ ማለት ነው። «ሊቅ»ም ከዚሁ ግንድ የወጣ ስም ሲሆን አስቀድሞ ትልቅ ሰው፣ ሽማግሌ፣ አለቃ ማለት ነበር፤ የተማረ የሚለው ትርጉም ኋላ የተከተለ ነው። «ቀሲስ» ከሶርያ ቋንቋ ወደ ግእዝ የገባ ቃል ነው፤ በዚያም ትርጉሙ ሽማግሌ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በጻፈበት በጽርእ ቋንቋም የቄስ መጠሪያ ከዚህ አይለይም፤ የአገራችን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎቻቸውን «ሽማግሌዎች» ማለታቸውም ከዚሁ ምንጭ የተቀዳ ነው። የሹመቱ ስም ራሱ ብስለትን ይጠይቃል ማለት ነው። ጥያቄው ይህ ብስለት በምን ይታወቃል፣ ማንስ ይመሰክርለታል የሚለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የአገልጋይ ብስለት የሚረጋገጠው በዕድሜውና በትምህርቱ ብቻ አይደለም፤ አብረውት የኖሩ ሰዎች በሚሰጡት ምስክርነት ነው። ዛሬ ዕድሜውም ትምህርቱም በወረቀት ሲመዘገብ ምስክርነቱ ግን ከሥርዓቱ እየወጣ ነው። ማሳያዬን የምወስደው ከጎጃም፣ በተለይም ከአዊ፣ ከእንጅባራና ከዳንግላ አካባቢ ነው።

ወደ ጢሞቴዎስ የተላከውን የመጀመሪያውን መልእክት ምዕራፍ ሦስት በጥሞና ላነበበ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ከተዘረዘሩት መመዘኛዎች ውስጥ ዕውቀትን የሚነካው የማስተማር ችሎታ ብቻ ነው። የቀሩት የቤት፣ የገንዘብ፣ የመጠጥ፣ የምላስና የእጅ ጉዳዮች ናቸው፤ ሰው መማታት እንኳ በስም ተጠቅሷል። ዝርዝሩ የሚያበቃውም በውጭ ያሉ ሰዎች፣ ማለትም ከማኅበሩ ያልሆኑት ሳይቀሩ፣ መልካም ሊመሰክሩለት ይገባል በሚል ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከ81 መጻሕፍቷ አንዱ አድርጋ የምትቀበለው ዲድስቅልያ ደግሞ ኤጲስ ቆጶስ ከሃምሳ ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተሰበሰበው የኒዮቂሳርያ ጉባኤም ጌታ በሠላሳ ዓመቱ መጠመቁን ምክንያት አድርጎ ከሠላሳ በታች ቄስ አይሾም ብሏል። የዲድስቅልያው ትእዛዝ ግን አንድ ክፍተት አለው፦ በትንሽ አጥቢያ በዕድሜ የደረሰ ሰው ካልተገኘና ወጣቱ በየዋህነቱ ከተመሰከረለት ይሾም ይላል፤ ለዚህም በልጅነታቸው የነገሡትን ሰሎሞንንና ኢዮስያስን ይጠቅሳል። ከዚህ የምረዳው ዕድሜው ሊታለፍ እንደሚችል፣ ምስክርነቱ ግን እንደማይታለፍ ነው።

ይህ ሥርዓት በአገራችን ለምን እንደላላ የሚያሳይ የታወቀ የታሪክ ማስረጃ አለ። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አቡነ ማርቆስ በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ሲክኑ፣ ጡት ያልጣሉ ሕፃናትን ሳይቀር ዲያቆናት ሲያደርጉ አይቶ ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ ጠይቋቸው ነበር። አቡኑ የመለሱለት ልጆቹ አድገው ይማራሉ፣ እኔ ግን አርጅቻለሁ፣ ከእኔ በኋላ ሌላ አቡን መቼ እንደሚመጣ አላውቅም፣ አገሪቱ ከዚህ በፊት 23 ዓመት ያለ አቡን ኖራለች በማለት ነው። ይህን መልስ ማቃለል አይገባም። ጳጳስ ከእስክንድርያ ብቻ ይመጣ በነበረበት ዘመን አንድ ሽማግሌ ሰፊ አገር ይዞ የነበረበትን ጭንቀት ይነግረናል። ይሁን እንጂ ምክንያቱ አልፏል። በ1951 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ የራሷን ፓትርያርክ አግኝታለች፤ ዛሬ በየሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ይመደባል። ምክንያቱ ሲያልፍ ልማዱ ለምን ይቀራል? ችግሩ ሕፃን ዲያቆን መኖሩ አይደለም፤ ለቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋልና ያለ ልጆቹ ብዙ የገጠር አጥቢያ ይዘጋል። ችግሩ ያ ልጅ አድጎ ወደ ቅስና ሲሻገር ሁለተኛ ጊዜ የሚመዝነው አለመኖሩ ነው።

ዕድሜና ትምህርት ብቻቸውን እንደማይበቁ የጎጃምን ሀገረ ስብከት ያህል የተማረ የለም። በ1921 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤል፣ አቡነ አብርሃምና አቡነ ይስሐቅ በግብፅ ተቀብተው ከኢትዮጵያውያን መካከል የመጀመሪያዎቹ ጳጳሳት ሆኑ። አራቱም የተመረጡ መነኮሳት፣ አራቱም የተማሩ ነበሩ፤ ቅብዐቱም አንድ ነበር። ሰባት ዓመት ሳይቆይ የጣሊያን ወረራ መጣ። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙና ሕዝቡ እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠይቀው እምቢ በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአደባባይ ተረሸኑ። አቡነ ሚካኤልም በጎሬ ተገደሉ። የጎጃሙ ጳጳስ አቡነ አብርሃም ግን በ1930 ዓ.ም. ወራሪው ከእስክንድርያ የለያትን ቤተ ክርስቲያን በሊቀ ጵጵስና እንዲመሩ ተሾሙ፣ ሹመቱንም ተቀበሉ። የእስክንድርያ ሲኖዶስ አወገዛቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ።

በአቡነ አብርሃም ላይ በቀላሉ መፍረድ አልወድም። ሹመታቸው የመጣው የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ከታረዱበት ከግንቦት 1929 ዓ.ም. ጥቂት ወራት በኋላ ነበር። በዕድሜ የገፉ አባት ነበሩ፤ የቀረውን ሕዝብና የቀሩትን ገዳማት ከሞት አድናለሁ ብለው አስበው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም በዚያው ዓመት የራሳቸው ሀገረ ስብከት በአርበኞች ትግል ተቀጣጥሎ፣ የጎጃም ገበሬና የጎጃም ቄስ ዱር ገብቶ ነበር። በአገው ምድርም የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር እንደተመሠረተ የሚነገረው በ1932 ዓ.ም.፣ ገና ጠላት ከዳንግላ ሳይወጣ ነው። ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፣ እንጅባራ ላይ የምናየው የፈረስ ትርኢት የዚሁ ማኅበር ነው። ጳጳሱ በአንድ ወገን፣ መንጋው በሌላ ወገን ቆመው ነበር። ጣሊያን ዳንግላን የለቀቀው በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው፤ በጎጃም ቤተ ክርስቲያን ላይ የቀረው ቁስል ግን ከዚያም በኋላ ቆይቷል። በዕድሜ ከአቡነ አብርሃም የሚያንሱት አቡነ ጴጥሮስ በብስለት በለጡ ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። በፈተናው ጊዜ ሁለቱን አባቶች የለየው ቀድሞ በውስጣቸው የተሠራው ጠባይ ነበር።

ያ ጠባይ በምን ይሠራል? የአብነት ትምህርት ቤት አንዱ መልስ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ናት፤ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ስማቸው በመላ አገሪቱ ይጠራል። ከአዊ ወረዳዎች ከባንጃና ከአንከሻ ወጥቶ ወደ እነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሚሄድ ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ እየለመነ ይማራል። ስለዚህ ኑሮ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ችግሩ ነው፤ እኔ የማየው ግን ፈተናውን ነው። ልጁ ለዓመታት በየኔታ ዓይን ሥር ይኖራል። ውሃ ሲቀዳ፣ እንጨት ሲለቅም፣ ያገኘውን ቁራሽ ለጓደኛው ሲያካፍል ወይም ሲደብቅ መምህሩ ያየዋል። የኔታ ተማሪውን «ሂድ፣ ይበቃሃል» ብለው ሲያሰናብቱት ስለ ቅኔው ብቻ እየመሰከሩ አልነበረም።

ከዚያ ጋብቻ ይመጣል። ዲያቆኑ ቄስ ከመሆኑ በፊት በቁርባን ያገባል፤ ትዳሩን አፍርሶ ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይፈርሳል። ቤቱን የሚመራበት መንገድ ለመላ ጎረቤቱ የተገለጠ ነው። ሦስተኛው ፈተና እርሻው ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያን ርስቷን ካጣች ወዲህ የአዊ ቄስ እንደ ማንኛውም ገበሬ ራሱ አርሶ የሚያድር ሆኗል። ድንች ይተክላል፣ ገብስ ይዘራል፤ በፋግታ ለኮማ አካባቢ ደግሞ እንደ ጎረቤቶቹ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላል። ወንፈል ገብቶ ይሠራል ወይስ ሌላውን አሠርቶ የራሱ ተራ ሲደርስ ይጠፋል? ድንበር ይገፋል? ብድር ይመልሳል? ጠዋት በመቅደስ ያየው ምእመን ከሰዓት በኋላ በማሳው ላይ ያየዋል። ለአንድ መሪ ከዚህ የበለጠ መመዘኛ ሊሠራ የሚችል ኮሚቴ አላውቅም።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር አለ። በአዊ ብዙው የገጠር ሕዝብ ደስታውንም ኀዘኑንም የሚናገረው በአውኚ ነው፤ አውኚ ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም በፊደላችን ተጽፎ ይሰጣል። ቅዳሴው በግእዝ፣ ስብከቱ በአብዛኛው በአማርኛ ቢሆንም አንዲት አሮጊት እናት ለነፍስ አባቷ ኃጢአቷን የምትናዘዘው በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ነው። ከሌላ ቦታ ተመድቦ የመጣ፣ ቋንቋውን ለመማር ትዕግሥት ያላሳየ ካህን ትምህርቱ የቱንም ያህል ቢሆን አድማጭነቱ ጎድሏል። እኔ ይህን የችሎታ ጉድለት ብቻ አድርጌ አልወስደውም፤ የብስለት ጉድለት ነው፤ ሰውን ለማወቅ ራስን ዝቅ ማድረግ እንቢ ማለት ነውና።

ብስለት ከሹመት በፊት መታየት እንዳለበት ከሩቅም ምሳሌ አለን። ዮሐንስ አፈወርቅ ለክህነት ሲፈለግ ሸሽቶ ነበር፤ ስለ ክህነት በጻፋቸው ስድስት መጻሕፍት የሸሸበትን ምክንያት ይተነትናል። በእኛ ዘመን ደግሞ ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ ባሰረ ጊዜ በምትካቸው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የተሾሙት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በወላይታ ለረጅም ዘመን ሲያስተምሩና አብያተ ክርስቲያናት ሲያሠሩ የኖሩ፣ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ መነኩሴ ነበሩ። የዓለም ትምህርት ያልነበራቸው እኚህ አባት ለመንግሥት ይመቻሉ የሚል ግምት ነበር፤ ግምቱ ከሽፏል። እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1980 ዓ.ም. ድረስ ኑሯቸውን አልለወጡም። የወላይታ ሰዎች ስለ እሳቸው ቀድመው ያወቁትን አዲስ አበባ ያወቀችው ከሹመቱ በኋላ ነው።

አሁን ያለንበት ሁኔታ ያሳስበኛል። የአብነት ተማሪው እየቀነሰ፣ ቁራሽ የሚሰጠው ቤትም እየጠበበ ነው። በከተማ አጥቢያዎች አገልጋይ የሚመጣው በምደባ ደብዳቤ ነው፤ ጎረቤት የለውም፣ ወንፈል የለውም፣ የሚያየው በዐውደ ምሕረት ላይ ድምፁን የሚሰማ ሕዝብ ብቻ ነው። ድምፅ ያማረ፣ ገንዘብ መሰብሰብ የሚችል፣ ዲፕሎማ የያዘ ሰው ይመረጣል። እነዚህ ሁሉ ጠቃሚ ናቸው፤ ግን አንዳቸውም ሰውየው ሲቆጣ ምን እንደሚያደርግ አይነግሩንም።

ምስክርነቱን የሚመልስ አዲስ ተቋም መፍጠር አያስፈልግም። በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት የሚቀመጡበትን ሰበካ ጉባኤ አቋቁሟል። ጉባኤው ብዙ ጊዜውን በሕንፃና በገንዘብ ጉዳይ ያሳልፋል። ዲያቆን ለቅስና ሲቀርብ ከትምህርት ማስረጃው ጋር አብሮ የጎረቤቶቹ፣ የየኔታው፣ የባለቤቱና የሌላ እምነት ተከታይ ጎረቤት ቢኖር የእሱም ቃል ይሰማ። በተለይ ባለቤቱ ለብቻዋ ትጠየቅ፤ የእጁን የዋህነት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለምና። በጳጳስ ሹመት ቀን ሕዝቡ «ይደልዎ» ይላል፣ ይገባዋል ማለቱ ነው፤ የማያውቁትን ሰው ይገባዋል ማለት ግን ምስክርነት አይደለም። የእንጅባራና የዳንግላ አጥቢያዎች ሰበካ ጉባኤያት ሆይ፣ ለቀጣዩ እጩ የድጋፍ ደብዳቤ ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ቤቱና ወደ ማሳው ሄዳችሁ ጠይቁ።