የማስተማሪያ ቋንቋና የሶዌቶ ተማሪዎች አመፅ

የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ ዓላማ ጥቁሩን ወጣት ለዝቅተኛ ሥራ ብቻ ማዘጋጀት ነበር። በ1974 ደግሞ ሒሳብና የኅብረተሰብ ትምህርት በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲሰጡ ታዘዘ። ቋንቋውን ብዙዎቹ መምህራን እንኳ በሚገባ አያውቁትም ነበር፤ ተማሪዎቹም የጨቋኙ ቋንቋ አድርገው ይመለከቱት ነበር።

ጁን 16 ቀን 1976 በሺህ የሚቆጠሩ የሶዌቶ ተማሪዎች ትእዛዙን በመቃወም በሰልፍ ሲወጡ ፖሊስ ተኩስ ከፈተባቸው፤ ከሞቱትም አንዱ የ12 ዓመቱ ሄክተር ፒተርሰን ነበር። በማግሥቱ ወር ትእዛዙ ቢሻርም አመፁ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፤ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የመዘገባቸው ሟቾች ብቻ 575 ደረሱ።

ከዚህ ታሪክ መረዳት የሚቻለው የማስተማሪያ ቋንቋ ምርጫ የአሠራር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው፤ ተማሪው የማይረዳው ቋንቋ በግዳጅ ሲጫንበት ሥርዓተ ትምህርቱ ራሱ የጭቆና መሣሪያ ይሆናልና።