ቅዳሜና እሑድ ከቆርቆሮው ሥር

ወዳጆቼ፣ በሐምሌና በነሐሴ የአዲስ አበባ ቅዳሜ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ጠዋት ፀሐይ ታባብላለች፣ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ያወርደዋል። መንገደኛው ሁሉ ሮጦ ያገኘው ቆርቆሮ ሥር ይገባል። ቆርቆሮው የመጠጥ ቤት ከሆነ ደግሞ ሦስት ነገር ይጠብቀዋል፦ መጠጥ፣ ዘፈንና የኳስ ክርክር።

ዛሬ የምጽፈው ስለነዚህ ሦስቱ ነው። «የታሪክ መምህር ስለ መጠጥ ቤት ይጽፋል እንዴ?» የምትሉ ካላችሁ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ ይመስክሩላችሁ፤ ፈተና ላይ የማይመጣውን ማስተማር ልማዴ ነው። ደግሞም ቀልድ አይደለም። ይህችን ከተማ የገዛ መንግሥት ሁሉ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱን ሳይነካ አላለፈም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕዝብ አዋጅ ሳይነገርለት በራሱ ፈቃድ የሚሰበሰበው እዚያ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቀኖቹ። «ዊኬንድ» ከፈረንጅ የመጣ ይመስለናል። ቃሉ አዎ። ነገር ግን ሁለት ቀን ስለማረፍ እኛ የተከራከርነው ፋብሪካ የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት ነው። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች «ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር» ብለው ስንት ተሰደዋል፤ ነገሩ የተቋጨው በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው። ሁለቱም ሰንበት ሆኑ። ቅዳሜ የሚለው ስም ራሱ «ቀዳሚት ሰንበት» ከሚለው የመጣ ነው። አባቶቻችን ያንን ሁሉ የተከራከሩት ለድራፍት እንዳልነበረ አውቃለሁ!

አሁን ወደ አራዳ እንውረድ። የምኒልክ ከተማ ገበያዋ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴልም እዚያው ቅርብ ነው። በ1915 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ ቢራ ፋብሪካ ሲቋቋም ስሙ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆነ። በ1928 ዓ.ም. የአራዳ ልጆች የኳስ ቡድን ሲያቋቁሙም ያው ቅዱስ ጊዮርጊስ። ጠዋት ተሳልሞት፣ ከሰዓት አጨብጭቦለት፣ ማታ ጠጥቶት የሚገባ ሰው በዓለም ላይ ያለው አራዳ ብቻ ይመስለኛል።

ቡድኑ የተቋቋመበትን ጊዜ ልብ በሉ። ጣሊያን መረብን ተሻግሮ ጦርነቱ ከተጀመረ ገና ወራት ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። ፋሺስቶቹ ኳሱን አልከለከሉም፤ ከፋፈሉት። ነጭ ለብቻ፣ ጥቁር ለብቻ እንዲጫወት ሆነ፤ የሰፈሩ ቡድኖችም የጣሊያን ስም ተለጠፈባቸው። ጊዮርጊስም «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ስም የሚቀይር ገዢ የሚፈራው ኳሷን ሳይሆን ከኳሷ ኋላ የቆመውን ሰው ነው።

አዝማሪው ግን ስም በመቀየር አልዳነም። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ያ ሁሉ ሕዝብ ተጨፈጨፈ። በቀጣዩ ወር ግራዚያኒ በአዲስ አበባ ያሉ ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና ተረት እያወሩ እየዘፈኑ የሚዞሩ ሰዎች ተይዘው እንዲረሸኑ አዘዘ። ማሲንቆ የያዘ ሰው ምን ያስፈራል? የአዝማሪ ቤትን አሠራር የሚያውቅ መልሱን ያውቃል። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ሰሙ ስለ ጠጅ ነው፣ ወርቁ ስለ መንግሥት። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ የሰማ ግን ሁሉ ገብቶታል። ጋዜጣ በሌለበት ጋዜጣ ነው፣ አርታኢውም ጠጪው ነው።

(እግረ መንገዴን፦ ዝናብ ለማሲንቆ ጠላት ነው። የተወጠረው ቆዳ እርጥበት ሲነካው ይላላል፤ ስለዚህ እሳት ዳር ይሞቃል። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሲብስ ደግሞ ዘፋኙ ወይ ይጮኻል፣ ወይ ያልፍ ዘንድ ይጠብቃል። ሲጠበቅ ደግሞ አንድ ብርሌ ይጨመራል።)

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ውቤ በረሃ የከተማው የሌሊት ልብ ሆነ። ስሙ ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ የመጣ ነው፤ «በረሃ» ቢባልም ደርቆ የሚያድር ሰው አልነበረበትም። ጠጅ ቤቱ፣ ቡና ቤቱ፣ አዝማሪው እዚያው ነበር። ይኸው ሰፈር ነው እንግዲህ በጣሊያን ዘመን ስሙ በቡድን ላይ የተለጠፈው።

በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ናቸው፦ የእኛው ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። ከዚያ 18 ዓመት ቆጥራችሁ ወደ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኑ፤ ቀኑ እሑድ ነው። በአዲስ አበባ ስታዲየም ኢትዮጵያ ከግብፅ ለአፍሪካ ዋንጫ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆንን፣ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨረሱት፤ 4 ለ 2። ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ነጭና ጥቁር ለየብቻ ይጫወት ከተባለ ገና ሩብ ምዕተ ዓመት መሆኑ ነው።

በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ባንዶች የመንግሥት ነበሩ፦ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦር። ዘፋኙ ደመወዝተኛ ወታደር ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ 1953 ክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ ጥላሁን ገሠሠም ታሰረ። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ወጣቱ አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተም ሥልጣን የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነው የሚለውን ሕግ ወደ ጎን ብሎ የራሱን ሸክላ አወጣ። ዛሬ ዓለም የሚያጨበጭብለት ሙዚቃ ከዚያ ድፍረት ወዲህ የመጣ ነው።

ቀጥሎ ደርግ። ከሁሉም ይልቅ ይህን እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሰዓቱ ይጠብቅ ይላላ እንጂ እስከ ሥርዓቱ ውድቀት ድረስ ነበር። ሌሊት መንገድ ላይ የተገኘ ጥይት ይጠብቀዋል። ታዲያ ቅዳሜ ማታ ቀረ? አልቀረም። ሰው ሰዓቱ ሳይደርስ ሆቴል ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል። ሂልተን ዋልያስ፣ ጊዮን ዳህላክ፣ ራስ ሆቴል ኋላ ሮሃ የሆነው አይቤክስ። ውጭ ዝናብና ፓትሮል፣ ውስጥ ሳክስፎን። ያን ዘመን ስናስተምር ቀይ ሽብርን እንናገራለን፣ መናገርም አለብን። ግን እነዚያው ወጣቶች፣ ጓደኞቻቸውን የቀበሩት፣ በተዘጋ በር ውስጥ እስከ ንጋት የጨፈሩትም እነሱ ናቸው። ግማሹን ብቻ ከነገርናችሁ ሰዎቹን አላወቃችኋቸውም።

ብዙዎች ተሰደዱ። ዋልያስ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለኮንሰርት ሲሄድ ከባንዱ አባላት ከፊሉ እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1984 እ.ኤ.አ.፣ ስደተኞቹ በሰሜን አሜሪካ የስፖርት ፌዴሬሽን አቋቋሙ። በየዓመቱ ሐምሌ ሲጠባ ቀን ኳስ፣ ማታ ኮንሰርት፣ በመሐል የአበሻ ምግብ ቤት። ሰው ከአገሩ ሲወጣ ከያዛቸው ነገሮች አንዱ ቅዳሜና እሑዱ ነበር።

ወደ ዛሬ ልመለስ። የአዲስ አበባ ስታዲየም የአህጉሩን መስፈርት ስላላሟላ ብሔራዊ ቡድኑ በሜዳው መጫወት አልቻለም፤ ሊጉም ከከተማ ከተማ ሲዞር ከረመ። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ በዝናብ ጊዜ የምንቀናበት ጥላ ፎቅ... እነዚህን ስሞች የማያውቅ ደጋፊ እያደገ ነው። እሱ ቅዳሜውን የሚያሳልፈው ግሮሰሪ ገብቶ በዲኤስቲቪ የለንደንና የማንቸስተርን ዝናብ እያየ ነው። አልወቅሰውም። ጃምቦው፣ ክርክሩና ሙዚቃው አሁንም አንድ ጣራ ሥር ናቸው።

ጣራው ግን እየሄደ ነው። በ2016 የፒያሳ ብዙ ክፍል ፈረሰ፣ በ2017 ካዛንቺስ፤ ፈንድቃ አዝማሪ ቤትም ከነበረበት ተነሣ። ልማቱ ይገባል አይገባም የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ቤተ መንግሥት ሲታደስ ታሪኩ የተጻፈ ነው፤ ጠጅ ቤት ሲፈርስ ግን ታሪኩ ያለው በጠጪው ራስ ውስጥ ብቻ ነው። ጠጪው ደግሞ አርጅቷል። ስንቱን ለቅሶ ላይ አጥተነዋል።

ስለዚህ የቤት ሥራ አለብኝ የምትሉ ተማሪዎቼ ሆይ፣ የዚህ ክረምት ይኸውላችሁ። ቅዳሜ ዝናብ ሲይዛችሁ አባታችሁን፣ እናታችሁን፣ ጎረቤት ያሉትን አዛውንት አራት ነገር ጠይቁ። ቅዳሜ ማታ የት ነበር የምትሄዱት? ማን ይዘፍን ነበር? ስታዲየም የት ነበር የምትቀመጡት? ሰዓት እላፊ የያዛችሁ ዕለት የት አደራችሁ? እናቶችን አትርሱ፤ ጠጁን የጣሉት፣ ቤቱን የመሩት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፣ ስማቸውን ግን ማንም አልጻፈም። መልሱን በስልካችሁ ቅዱ፤ የቤቱን ስምና ቤቱ የነበረበትን ቦታ ጨምሩበት።

የፈለጋችሁ እዚሁ ከሥር ጻፉልኝ። ሁሉንም አነባለሁ። ነጥብ ግን አልሰጥም፣ ጡረታ ወጥቻለሁ!

መልካም ሰንበት፤ ሁለቱንም።