ስሙ የሚለዋወጥ ትምህርት

በኢትዮጵያ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ቶሎ ስማቸው ከሚቀየር ነገሮች አንዱ ሕፃናት ስለ ሀገርና ስለ ዜግነት የሚማሩበት ትምህርት ነው።

በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ ይባል ነበር። ፈሪሃ እግዚአብሔር፣ ንጉሥን ማክበር፣ ለታላቅ መታዘዝ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደርግ በፖለቲካ ትምህርት ተካው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጣ።

እውነቱን ለመናገር፣ በወረቀት ላይ ከሦስቱ የሚሻለው የመጨረሻው ነበር። ልጆች ሕገ መንግሥት፣ መብት፣ የሕግ የበላይነት የሚሉ ቃላትን ያገኙት ከዚያ መጽሐፍ ነው። ግን ምዕራፎቹ 11 ነበሩ፤ በዴሞክራሲ ጀምረው ዕውቀትን በመሻት ያልቁ ነበር። ተማሪው ክፍል ባለፈ ቁጥር እነዚያው 11 ይጠብቁት ነበር። «ንቁ ተሳትፎ»ን ሸምድዶ ፈተና ላይ ይጽፍ ነበር፤ የክፍሉን አለቃ የሚሾመው ግን መምህሩ ነበር። የአለቃው ሥራም የሚረብሹትን ስም መመዝገብ ነበር። በኋላ ተማሪዎች 1 ለ 5 ተደራጁ ሲባሉ ደግሞ፣ ወላጆቻቸው በቀበሌ የተጠረነፉበት አደረጃጀት ራሱ ክፍል ገባ። ይህ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደሚገኝ የጠየቀ የለም።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለታናናሾቹ ግብረ ገብ ተመልሷል፣ ከፍ ላሉት የዜግነት ትምህርት ተዘጋጅቷል። ስሙ ከንጉሡ ዘመን ነው፤ ያለ ንጉሡ። የክፍል አለቃው ግን ዛሬም በብዙ ትምህርት ቤት የረባሾችን ዝርዝር ይዞ መምህሩን ይጠብቃል።