የቬኒስ ጭንብል፦ ከቁማር ቤት እስከ በዓል ካርድ

የበዓል ካርድ በእጁ ለሚስል ሰው የቬኒስ ካርኒቫል ጭንብል ቀላል ሥራ ይመስላል። ነጭ ፊት፣ ሁለት የዓይን ቀዳዳ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ወርቃማ ቀለም፤ አለቀ።

የጭንብል ሠሪዎቹ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1436 ሲሆን፣ የተመደቡትም ከሠዓሊዎች ማኅበር ጋር ነበር። ስለዚህ ጭንብሉን ወረቀት ላይ መሳል ወደ ዘመዶቹ መመለስ ነው።

«ባውታ» የተባለው ነጭ ጭንብል ከአፍ በኩል ወደ ፊት የወጣ ነው። የለበሰው ሰው ሳያወልቀው ይበላል፣ ይጠጣል፤ ድምፁም ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1638 በተከፈተው የመንግሥት ቁማር ቤት፣ በሪዶቶ፣ ተጫዋች ያለ ጭንብል አይገባም ነበር። መንግሥት ራሱ «ፊትህን ሸፍን» የሚልበት ዘመን! ዛሬ በሐሰተኛ ስም አካውንት የሚከፍት ሰው ይህን ቢሰማ ሳይቀና አይቀርም። ያው መንግሥት ግን ጭንብል አጥልቆ መሣሪያ መያዝን ከልክሏል። ቁማሩን ፈቀደ፣ ጩቤውን ፈራ።

እ.ኤ.አ. በ1797 ሪፐብሊኩ በናፖሊዮን እጅ ወደቀ፤ ካርኒቫሉም ቀስ በቀስ ደበዘዘ። በ1979 እንደገና ሲነሣ ግን ዋና እንግዳው ቱሪስት ሆነ።

ካርዱ ላይ ያለው ባውታ ከኋላው የሚደበቅ ባለዕዳ የለውም። ላኪው ከሥሩ ስሙን በግልጽ ጽፎ ይፈርማል።